ወረፋው ሲያጥር ዕውቀት ይጠየቃል

የአስመጪና ላኪ ድርጅት ባለቤትን ብትጠይቁት «ሎጂስቲክስ የተማረ ልጅ ሞልቷል፤ አንድ ፋይል ከዳር የሚያደርስ ግን የለም» ይላል። ምሩቁ በበኩሉ «ድርጅቶቹ የሚቀጥሩት ወይ የዘመድ ልጅ ነው፣ ወይ በሥራው ላይ ያረጀ ትራንዚተር» ብሎ ይመልሳል። በመካከል ያለው መምህር ደግሞ ጥፋቱን ለሥርዓተ ትምህርቱ ይሰጣል፤ ንድፈ ሐሳቡ በዛ፣ ተግባሩ አነሰ፣ ልጆቹ ወደብ ሳያዩ ተመረቁ ይላል። ሦስቱም የሚናገሩት እውነት አለው። ሦስቱም ግን አንድ ጥያቄ ዘለዋል። ለመሆኑ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የተማረ ሰው ያስፈልገው ነበር?

እምብዛም አያስፈልገውም ነበር። የዓለም አቀፍ ንግድና የሎጂስቲክስ ትምህርት በአገራችን ለደከመበት ምክንያት መምህራኑንና መጻሕፍቱን ብቻ መክሰስ ነገሩን ከሥሩ አለማየት ነው። ገበያው ራሱ ለዕውቀት ዋጋ አይከፍልም ነበር፤ የሚከፍለው ለፈቃድና ለወረፋ ነው። አሁን ያ ሁኔታ መለወጥ ጀምሯል። ኮሌጆቻችን ግን ዛሬም የሚያስመርቁት በድሮው ገበያ ልክ ነው።

ዶላር ያገኘ ሁሉ ነጋዴ በነበረበት ጊዜ

ይህ የትምህርት መስክ የሚያስተምረው ሁሉ ቢጨመቅ ሦስት ስሌት ይወጣዋል፤ የዋጋ፣ የጊዜና የኃላፊነት። ዕቃው ከማን ይገዛ? በየትኛው መንገድ ይምጣ? መንገድ ላይ ቢበላሽ ወይም ቢዘገይ ኪሳራው የማን ነው? ፉክክር ባለበት አገር እነዚህን የማያሰላ ነጋዴ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ይወጣል። በእኛ አገር ግን ለአሥርት ዓመታት ከሦስቱም የሚቀድም አራተኛ ጥያቄ ነበረ፤ «ዶላሩ መቼ ይፈቀዳል?»

አስመጪው የአቅራቢውን የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ ኢንቮይስ) ይዞ ባንክ ይሄዳል፤ ይመዘገባል፤ ይጠብቃል። ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያን የመሰሉ ዕቃዎች ቅድሚያ ስላላቸው ሌላው ተራው እስኪደርሰው ወራት ይቆጠራሉ። በዚህ መሐል የፕሮፎርማው ጊዜ ያልፋል፤ የአቅራቢው ዋጋ ይለወጣል። ያም ሆኖ በስተመጨረሻ ኤልሲ (ባንኩ ለአቅራቢው ክፍያ ዋስ የሚሆንበት ሰነድ) የተከፈተለት ሰው ዕቃውን ትንሽ አስወድዶ ቢገዛ፣ መርከቡ ቢዘገይበት፣ ጅቡቲ ላይ የመዘግየት ክፍያ (ዲመሬጅ) ቢቆጥርበት እንቅልፍ አያጣም። ዕቃው ገበያ ላይ ስለሌለ ወጪውን ሁሉ ደምሮ፣ ትርፉን ጨምሮ ይሸጠዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች ኤልሲ እንዳይከፈትባቸው ሲታገድ ደግሞ፣ ዕቃው አስቀድሞ በመጋዘኑ የነበረው ነጋዴ የተጠቀመው ከንግድ ችሎታው ሳይሆን ከእገዳው ነበር።

በላኪው በኩል ነገሩ ጭራሽ የተገለበጠ ነበር። ቡና ላኪዎች አገር ውስጥ ከገዙበት ባነሰ ዋጋ ውጭ ይሸጡ እንደነበር የንግዱ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ላኪው ሒሳብ ጠፍቶበት አልነበረም። ቡናውን የሚልከው ዶላሩን ፈልጎ ነው፤ በዶላሩ ብረት ወይም መለዋወጫ አስገብቶ በቡናው የከሰረውን ከነትርፉ ይመልሳል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የኒውዮርክን የቡና ዋጋ ተከታትሎ «ዛሬ ባንሸጥ ይሻላል» የሚል ምሩቅ ሥራ ፈት ነው። ባለቤቱ የሚፈልገው ባንክ ቤት የሚያውቀው ሰው ያለውን፣ በጉምሩክ ግቢ የትኛው በር መቼ እንደሚከፈት የሚያውቀውን ነው። ይህን ሙያ የሚያስተምር ኮሌጅ ደግሞ የለም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ማሻሻያ የ38ቱ ዕቃዎች እገዳ ተነሣ፤ ላኪው ካገኘው ምንዛሪ ግማሹን ይዞ እንዲቆይ ተፈቀደለት። በዚያው ዓመት የወጪና የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ።

ወረፋው ጨርሶ ጠፍቷል፣ ትይዩ ገበያውም ሞቷል ማለት አይደለም። ሆኖም ዶላር በዋጋው የሚገኝበት ጊዜ በቀረበ መጠን ዶላር ማግኘት ብቻውን ትርፍ መሆኑ ይቀራል። ሁለት አስመጪዎች አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ሳምንት ሲያስገቡ አሸናፊው ወጪውን ያሳነሰው፣ ቀኑን ያሳጠረው፣ ውሉን በጥንቃቄ ያነበበው ይሆናል። ኮሌጁ የሚያስተምራቸው ሦስቱ ስሌቶች ገንዘብ መሆን የሚጀምሩት ያኔ ነው።

አንድ ቀን የዘገየ ቡና

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ኮንቴይነር ቡና እንከተል። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሚመዝን 320 ጆንያ ይጫንበታል፤ 19,200 ኪሎ ማለት ነው። ገዢው በኤልሲ ሊከፍል ተስማምቷል እንበል። ኤልሲው የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ማርች 31 ነው ይላል። ቡናው በጊዜው ከአዲስ አበባ ወጣ፤ ጅቡቲም በጊዜው ደረሰ። መርከቡ ግን ዘግይቶ ገባና በመርከቡ የጭነት ሰነድ (ቢል ኦፍ ሎዲንግ) ላይ ያረፈው ቀን ኤፕሪል 1 ሆነ።

ቡናው ያው ቡና ነው፤ ጥራቱ አልጎደለም፣ ሚዛኑ አልቀነሰም። ባንኩ ግን የሚያየው ወረቀቱን ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና ከ2007 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የሚሠራበት ዩሲፒ 600 የተባለው ደንብ፣ ባንኮች የሚሠሩት በሰነድ እንጂ ሰነዱ በሚጠቅሰው ዕቃ አይደለም ይላል። ላኪው፣ ኤልሲው ሌላ ካላለ በስተቀር፣ ዕቃው በተጫነ በ21 ቀናት ውስጥ ሰነዱን ያቀርባል፤ ባንኩም ቢበዛ በአምስት የባንክ የሥራ ቀናት መርምሮ ይወስናል። የአንዷ ቀን ልዩነት በባንክ ቤት ቋንቋ «ዲስክሬፓንሲ» ናት። የቡና ዋጋ ከወጣ ገዢው አይቶ እንዳላየ ያልፋታል። ዋጋው ከወረደ ግን በእሷ አመካኝቶ «አልቀበልም» ወይም «ዋጋ ቀንስልኝ» ይላል። በሕግም ያስኬደዋል።

በሥራው የበሰለ ሠራተኛ መርከቡ እንደሚዘገይ በሰማባት ሰዓት፣ ገበያው ገና ሳይዞር፣ ገዢው የኤልሲውን ቀን እንዲያሻሽልለት ይጠይቃል። ከዚያም በፊት፣ ውሉ ሲፈረም፣ የመጫኛውን ጊዜ የጅቡቲን መስመር ባሕርይ አይቶ ያስረዝመዋል። ወጪው አንድ ኢሜይልና ጥቂት የማሻሻያ ክፍያ ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ግን ሰነዱን አሳምሮ አዘጋጅቶ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ባንክ አስገብቶ ክፍያውን ይጠብቃል። ሁለቱም «ኤልሲ ምንድን ነው?» ለሚለው የፈተና ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ ጽፈው ሊሆን ይችላል።

የዋጋው ስሌትም ከዚሁ ኮንቴይነር ጋር የተሳሰረ ነው። የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ መነሻ የኒውዮርኩ ገበያ ሲሆን ዋጋው የሚጠራው በፓውንድ ክብደት ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. አንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። የእኛ ኮንቴይነር ከ42,000 ፓውንድ በላይ ይይዛል። ስለዚህ ገበያው በአንድ ፓውንድ 10 ሳንቲም ብቻ ሲወርድ ከአንዱ ኮንቴይነር ላይ ከ4,200 ዶላር በላይ ይቀንሳል። ቡናውን በብድር ገዝቶ በመጋዘን ያስቀመጠ ላኪ በየቀኑ የሚወራረደው በዚህ ገንዘብ ነው። ድሮ ኪሳራውን በብረት ንግድ ያካክስ የነበረው ላኪ አሁን ኪሳራው ኪሳራ ሆኖ ይቀርበታል። ዋጋውን መቼ እንደሚቆርጥ፣ ስንቱን አስቀድሞ ሸጦ ስንቱን እንደሚያቆይ የሚመክረው ሰው የሚፈልገው ዛሬ ነው።

የመርከብ ኪራይ ቀረጥ ሲሆን

ወደ አስመጪው እንሻገር። ኢንኮተርምስ የተባሉትን የዋጋ ውሎች የማያውቅ የንግድ ተማሪ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በ1936 እ.ኤ.አ. ወጥተው፣ አሁን የሚሠራባቸው የ2020 እ.ኤ.አ. ቅጂ 11 ውሎች አሉት። ተማሪው ምህጻረ ቃላቱን በቃሉ ያነበንባል። ኤፍኦቢ ከሆነ ሻጩ መርከብ ላይ እስኪጭን ነው፤ ሲአይኤፍ ከሆነ ኪራዩንና ኢንሹራንሱን ሻጩ ይከፍላል። ለፈተና ይህ ይበቃል።

ለሥራ ግን አይበቃም። ሲአይኤፍ ጅቡቲ ብሎ የገዛ ሰው ዕቃው ባሕር ላይ ቢሰጥም ኪሳራው የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ተማሪ ኪራዩንም ኢንሹራንሱንም የከፈለው ሻጩ ስለሆነ «የሻጩ» ይላል። ኪሳራው የገዢው ነው። በሲአይኤፍም በኤፍኦቢም ኃላፊነቱ የሚተላለፈው ዕቃው በመነሻው ወደብ መርከብ ላይ ሲጫን ነው፤ ሻጩ የገዢውን የመንገድ ወጪ ከፈለ እንጂ የገዢውን አደጋ አልተሸከመም። ስለዚህ ብልህ አስመጪ የሚጠይቀው «ኢንሹራንስ አለው?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ ምን ዓይነት ሽፋን እንዳለው፣ ካሳውስ በማን ስም እንደሚከፈል ይጠይቃል። ወደ ውጭ ስንልክም የተገላቢጦሹ ወጥመድ አለ። ቡናውን ኤፍኦቢ ጅቡቲ ብሎ የሸጠ ላኪ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ወደቡ ያለውን የመቶዎች ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ከዚያም ኮንቴይነሩ ወደብ ውስጥ ሆኖ መርከብ የሚጠብቅባቸውን ቀናት አደጋ ሁሉ በትከሻው ይዟል። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ራሱ በኮንቴይነር ለሚጫን ዕቃ፣ ኃላፊነቱ ዕቃው ለአጓጓዡ ሲሰጥ የሚተላለፍበት ኤፍሲኤ የተባለው ውል ይሻላል የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

የጉምሩኩ ስሌት ደግሞ ከዚህ ይቀጥላል። በኢትዮጵያ ቀረጥ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ላይ የመርከብ ኪራዩና ኢንሹራንሱ ተጨምረው ነው። በዚያ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው ቀረጡ ከታከለ በኋላ ሲሆን፣ ሱር ታክስ ደግሞ የሚሰላው ሁለቱም ከታከሉ በኋላ ነው። እንግዲህ የአንድ ዕቃ ማጓጓዣ በ100,000 ብር ተወደደ እንበል። የዕቃው ቀረጥ 20 በመቶ ቢሆን 20,000 ብር ቀረጥ ይጨምራል፤ በ120,000 ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 18,000 ብር ይሆናል፤ በ138,000 ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ 13,800 ብር ይሆናል። ሌሎቹን ክፍያዎች ትተን፣ የ100,000 ብሩ ጭማሪ 51,800 ብር ታክስ ይዞ መጣ ማለት ነው። የምንዛሪው መውጣትም በዚሁ መንገድ ይባዛል። ይህን ስሌት አስቀድሞ የሠራ ድርጅት ለጉምሩክ የሚከፍለውን ገንዘብ ይዞ ይጠብቃል። ያልሠራው ዕቃው ደረቅ ወደብ ደርሶ ገንዘብ ያጥረዋል፤ ገንዘቡን ሲያፈላልግ የማከማቻ ክፍያ ይቆጥርበታል።

ማጓጓዣ ደግሞ ሲወደድ ማንንም አያማክርም። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ። የእስያና የአውሮፓ ጉዞ ከአንድ ሳምንት በላይ ረዘመ፤ ኪራይም ኢንሹራንስም ናረ። ካርታ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ለሁሉም ዕቃ እኩል አልነበረም። የጅቡቲ ወደብ ያለው ከቀይ ባሕር ደቡባዊ በር፣ ከባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ወዲህ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። ከቻይና የሚመጣው ማሽን ጅቡቲ ለመድረስ ሰርጡን ማለፍ አይጠበቅበትም፤ ወደ ሐምቡርግ የሚሄደው ቡና ግን ወይ ሰርጡን ያልፋል ወይ አፍሪካን ይዞራል። አንድ ዓይነት ዜና ሰምተው አስመጪውና ላኪው የሚወስዱት ውሳኔ የተለያየ መሆን አለበት። «ግሎባል ቢዝነስ» የሚለው ኮርስ በተግባር ይህ ነው፤ በዓለም ላይ የሆነውን ሰምቶ በእጅ ላይ ያለውን ፋይል ማስተካከል።

ወደብ የሌለው አገር ትምህርት

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ በር ከተዘጋ ወዲህ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በአብዛኛው የሚተነፍሰው በጅቡቲ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ጭነት የሚያልፈው በዚያው ነው። በዚህ መስመር ላይ ዕቃ ለማምጣት ሁለት ዋና መንገድ አለ። በመልቲሞዳል ሲመጣ በአንድ ቢል ኦፍ ሎዲንግ እስከ ሞጆ ወይም ሌላ ደረቅ ወደብ ድረስ ኃላፊነቱን የሚወስደው አጓጓዡ ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ለረጅም ጊዜ የቆየው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው። በዩኒሞዳል ሲመጣ ግን የመርከቡ ኃላፊነት ጅቡቲ ላይ ያበቃል፤ ዕቃውን ከወደብ አውጥቶ፣ መኪና ፈልጎ፣ ትራንዚት አስጨርሶ ማምጣት የአስመጪው ጣጣ ነው። አንደኛው ራስ ምታት ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ለሚያውቅበት ሰው ቀን ያተርፋል። የሚመረጠው እንደ ዕቃው፣ እንደ አስቸኳይነቱና አስመጪው ጅቡቲ ላይ እንዳለው ሰው ነው። ኮንቴይነሩን ባዶ አድርጎ የመመለሻ ቀን ካለፈ ደግሞ የመርከብ ኩባንያው በዶላር መቁጠር ይጀምራል።

ከዚህ ሁሉ በኮሌጅ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው። ተማሪው የሚያነበው መጽሐፍ ምሳሌዎቹ የአሜሪካዎቹ ኩባንያዎች ዎልማርትና ዴል ናቸው። የእነሱን አሠራር ማወቅ አይከፋም። ነገር ግን እነዚያ ምሳሌዎች ሁሉ ዝም ብለው የሚያልፏቸው ነገሮች አሉ፤ ወደቡ የራስ ነው፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ ምንዛሪ ችግር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት 32 አገሮችን ወደብ አልባ ታዳጊ አገሮች ብሎ መዝግቧል፤ ግማሾቹ አፍሪካ ውስጥ ናቸው፤ በሕዝብ ብዛት ከሁሉም የምትበልጠው ኢትዮጵያ ናት። የወደብ አልባ አገር ሎጂስቲክስ የሚባል ትምህርት በዓለም ላይ ቢኖር ዋናው ወንበር አዲስ አበባ መሆን ነበረበት። የካምፓላውና የኪጋሊው ተማሪ የሞጆን ታሪክ ከእኛ መጽሐፍ ማንበብ ነበረበት።

የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ግን ሌላ ናቸው። «የሰፕላይ ቼይን አሠራር በድርጅት አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይባልና የአንድ ድርጅት ስም ይከተላል። ለሠራተኞች «በጣም እስማማለሁ» ከሚል እስከ «ፈጽሞ አልስማማም» የሚሄድ መጠይቅ ይበተናል፤ ቁጥሩ በሶፍትዌር ይሰላል፤ ተጽዕኖ መኖሩ ይረጋገጣል። አንድ ኮንቴይነር ከሻንጋይ እስከ ቃሊቲ ስንት ቀን ፈጀ፣ ከቀናቱ ስንቱ በጉዞ ስንቱ በመጠበቅ አለፈ፣ መጠበቁ የመጣው በባንክ ነው በወደብ ነው በጉምሩክ ነው በአስመጪው ራሱ ነው ብሎ በቀን መቁጠሪያ የሚከታተል ጽሑፍ ግን ብርቅ ነው። መጠይቁ የሰውን አስተያየት ይለካል፤ ገንዘቡ ያለው ግን በቀናቱ ውስጥ ነው።

ነጋድራሱ የጻፈው

ከዚህ ተነሥቶ «ንድፈ ሐሳቡ ይቅርና ልጆቹ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን መሙላት ይማሩ» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ሌላ ስሕተት ነው። ቅጽ መሙላት ብቻ ከሆነ ሥራው በማሽን እየተወሰደ ነው፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎት ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ወረቀት ይዞ መዞርን ለማስቀረት የመጣ ነው። ቅጹ ሲቀልል ከባዱ ፍርዱ ይሆናል። ዕቃው የትኛው የታሪፍ ቁጥር ውስጥ ይገባል? ያልተቆላ ቡና 0901.11 ነው፤ የተቆላው 0901.21 ነው፤ ይህ ቀላል ነው። ግማሹ ማሽን ግማሹ መለዋወጫ የሆነ ጭነት ሲመጣ ግን ቁጥሩን የሚመርጠው የታሪፉን አተረጓጎም ደንብ የተማረ ጭንቅላት ነው። ምርጫው ቢሳሳት የቀረጥ ልዩነትና ቅጣት ይከተላል።

ሙያና ንድፈ ሐሳብ እንደማይጣሉ የሚያሳይ ታሪክ ደግሞ ከቤታችን አለን። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የንግድና የቀረጥ ሹም ነበር፤ በባቡሩ ምክንያት የአገሪቱ የውጭ ንግድ ዋና በር በሆነችው ከተማ የሚገባውንና የሚወጣውን ጭነት በቅርብ ያውቅ ነበር። በ1911 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመለት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ከዐዋቂ ሕዝብ ጋር ሲነግድ ድካሙ እየበዛ ሀብቱ ወደ ሌላው እንደሚሄድ ያስረዳል። የዓለም የልማት ኢኮኖሚስቶች ያልተመጣጠነ የንግድ ልውውጥን የጦፈ ክርክር ያደረጉት ከእሱ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ነጋድራሱ የቀረጡን ሥራ ባይሠራ ኖሮ ሐሳቡ ያን ያህል ሥር አይኖረውም ነበር፤ ሐሳብ ባይኖረው ደግሞ ቀረጥ ተቀባይ ሆኖ ይቀር ነበር።

የእሱ ጥያቄ ዛሬም በቡናው ፋይል ላይ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ፣ ቡናን ጨምሮ የተወሰኑ ምርቶች ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ በተመነጠረ ደን ላይ ያልተመረቱ መሆናቸው እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ ለዚህም የማሳው መገኛ በካርታ ነጥብ ተለይቶ መቅረብ አለበት። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ቢራዘምም ገዢዎች መረጃውን መጠየቅ ጀምረዋል። በሲዳማ ወይም በጅማ በጓሮው ቡና ያለው አርሶ አደር ይህን ነጥብ ብቻውን አያወጣም፤ ከብዙ ማሳ ተሰብስቦ በአንድ ጆንያ የተቀላቀለ ቡናም የማን እንደሆነ መለየት ይከብዳል። ሕጉን አንብቦ፣ ማሳውን አስመዝግቦ፣ ጆንያውን ከማሳው ጋር አያይዞ እስከ ሐምቡርግ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ይህን የሚችል ምሩቅ ካላፈራን መረጃውን የሚሰበስበው፣ የሚይዘውና የሚሸጠው ሌላ ይሆናል። የቡናው ዋጋ ከፊሉም ከመረጃው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

የመጀመሪያው እርምጃ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ባንኮች፣ ጭነት አስተላላፊዎችና አስመጪዎች የተዘጉ ፋይሎች በመደርደሪያቸው ሞልቷቸዋል። ስምና የሂሳብ ቁጥር ተሰርዞ ለኮሌጆች ቢሰጡ፣ ተማሪው ከፕሮፎርማ ጀምሮ ባዶው ኮንቴይነር እስከ ተመለሰበት ደረሰኝ ድረስ አንድ ሙሉ ፋይል ይዞ ሴሚስተሩን ሊሠራበት ይችላል። የት ቀን ባከነ? የትኛው ሰነድ ከኤልሲው ጋር ተጋጨ? ውሉ ኤፍኦቢ ባይሆን ምን ይለወጥ ነበር? ፈተናውም እንዲሁ ይሁን፤ ስሕተት ያለበት የሰነድ ስብስብ ተሰጥቶት ስሕተቱን አውጥቶ ለገዢው የሚላከውን ደብዳቤ ይጻፍ።

ሁለተኛው የመምህሩ ጉዳይ ነው። በባንክ የውጭ ንግድ ክፍል 20 ዓመት የሠራች ባለሙያ ሁለተኛ ዲግሪ የላትም ተብሎ ክፍል እንዳትገባ መከልከሉ ተማሪውን እንጂ እሷን አይጎዳም። ከመምህሩ ጋር ተጣምረው ቢያስተምሩ እሱ ማዕቀፉን፣ እሷ ደግሞ አደጋው የሚደበቅበትን ቦታ ያሳያሉ። ሦስተኛው የጽሑፍ ችሎታ ነው። ይህ ሥራ ከዱባይ አቅራቢና ከጓንጁ ወኪል ጋር በአጭርና ግልጽ እንግሊዝኛ መጻጻፍ፣ አገር ቤት ላለው ባለቤት ደግሞ አደጋውን በአማርኛ ማስረዳት ይፈልጋል። ሁለቱም በክፍል ውስጥ እንደ ሙያ አይታዩም፤ አሠሪው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እነሱን ነው።

ድርጅቶቹም ከወቀሳ አይድኑም። የተማረ ሰው የለም የሚለው ባለቤት ተለማማጅ ተማሪ ሲመጣለት ሻይ አስመጪና ፎቶኮፒ አንሺ ያደርገዋል፤ ፋይሉን አይሰጠውም። ምሥጢሬ ይወጣል ብሎ ይሰጋል። በወረፋው ዘመን ምሥጢሩ እውነትም ሀብቱ ነበር፤ ማንን እንደሚያውቅና በስንት እንዳስጨረሰ ካወጣ ንግዱ ያልቃል። በዋጋና በጊዜ በሚወዳደሩበት ገበያ ግን ሀብቱ የሠለጠነ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛ ደግሞ ፋይል ሳይነካ አይሠለጥንም።

የውጭው ነጋዴና የውጭው ባንክ ሲመጡ ኤልሲን በሥርዓቱ መመርመርና የምንዛሪ አደጋን ማስላት የዕለት ሥራቸው ሆኖ ነው የሚመጡት። ሠራተኛ ይፈልጋሉ፤ እዚህ ካገኙ እዚህ ይቀጥራሉ፤ ካላገኙ ከናይሮቢም ከሙምባይም ያመጣሉ። የእኛ ምሩቅ ያኔ ዲግሪ ስላለው ብቻ የሚሰጠው ቦታ አይኖርም፤ ዘመድ ስለሌለው ብቻ የሚከለከለውም ቦታ ይቀንሳል። ለተማረ ልጅ ከዚህ የተሻለ ዕድል ይህች አገር በውጭ ንግዷ ሰጥታው አታውቅም። ዕድሉን የሚያበላሸው ዛሬም በወረፋው ዘመን መጽሐፍ የሚያስተምር ኮሌጅና ፋይሉን ቆልፎ «የሚሠራ ልጅ የለም» የሚል ባለቤት ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ ከመጪው ሴሚስተር ጀምረው ሊለወጡ ይችላሉ።